ዳገት ለበዛበት የጎዳና ሩጫ የት መለማመድ ይሻላል? ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያሉ ቦታዎች ንጽጽር

በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ የሚኖር ሯጭ በሌሎች ከተሞች በቀላሉ የማይገኝ ዕድል አለው። በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ የመኪና መንገድ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚያደርስ ጠመዝማዛ የደንገጎ ዳገት፣ ደጋማ አየር ያለው የሐረማያ ሜዳ እና 1,885 ሜትር ገደማ ላይ በተዳፋት ላይ የተሠራች ጥንታዊት ከተማ ያገኛል። የአማራጩ መብዛት ግን ያደናግራል። ውድድር በተቃረበ ቁጥር አንዱ «ደንገጎን ያልወጣ አልተዘጋጀም» ይላል፤ ሌላው ደጋ ወጥቶ መሮጥን ይመክራል፤ ሌላው ደግሞ የደቻቱ ወንዝ መውረጃ አሸዋ እግር ያጠነክራል ይላል። ሁሉም ከፊል እውነት አላቸው፤ ይሁንና ለአንድ ሯጭ የሚሆነው ለሌላው ላይሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው፣ ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቁበት የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ፣ በተለይም በሐረርና በዙሪያዋ በሚካሄድ ውድድር፣ የራሱን ምርጥ ሰዓት ማሻሻል ለሚፈልግ ሰው ነው። የክለብ አትሌት አሰልጣኝ አለው። ሥራ ወይም ትምህርት ያለበት፣ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ መሮጥ የሚችል ሰው ግን ውስን ጊዜውንና የትራንስፖርት ገንዘቡን የት እንደሚያውል የሚወስነው ራሱ ነው።

ሰዓት የሚጠፋውና የሚመለሰው የት ነው?

ቦታ ከመምረጥ በፊት አንድ ስሌት መረዳት ያስፈልጋል። አሰልጣኞች ብዙ ጊዜ በሚጠቀሙበት ግምት መሠረት፣ መንገዱ 1 በመቶ ሲወጣ፣ ማለትም በ100 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ሲጨምር፣ ሯጩ በኪሎ ሜትር ከ7 እስከ 9 ሰከንድ ያጣል፤ 1 በመቶ ሲወርድ የሚያተርፈው ግን 5 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ10 ኪሎ ሜትሩ ውስጥ አራቱ 3 በመቶ የሚወጡ፣ አራቱ 3 በመቶ የሚወርዱ፣ ቀሪዎቹ ሁለቱ ሜዳ ቢሆኑ፣ ሯጩ በዳገቱ ከ84 እስከ 108 ሰከንድ ያጣል፤ በቁልቁለቱ 60 ሰከንድ ይመለስለታል፤ በድምሩም በሜዳ ከሚያስመዘግበው ሰዓት ከ24 እስከ 48 ሰከንድ ይዘገያል። በሜዳ የተመዘገበን ሰዓት በዳገታማ ውድድር አላሻሻልኩም ብሎ ማዘን ተገቢ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ትክክለኛው ንጽጽር በዚያው መንገድ ላይ ቀደም ሲል ከተሮጠ ሰዓት ጋር የሚደረገው ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ብዙዎች የሚዘነጉት ሁለተኛውን ክፍል ነው። ከቁልቁለቱ ይገኛል የተባለው 60 ሰከንድ መውረድን ለተለማመደ እግር ብቻ የሚሰጥ ነው። ያልተለማመደ ሯጭ ሲወርድ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ እርምጃውን ያስረዝማል፤ በተረከዙ እየመታ ራሱን ይገታል። የጭን የፊት ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም በፍጥነት ይጎዳል፤ ከ7ኛው ኪሎ ሜትር በኋላም ሜዳው ራሱ ዳገት ይሆንበታል። በእኔ ግምት በዚህ አካባቢ የሚለማመድ ሯጭ የመውጣት ችግር ያን ያህል የለበትም፤ የጎደለው የመውረድ ልምምድ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምዘናም ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ክብደት ይሰጣል።

መመዘኛዎቹ

እያንዳንዱ ቦታ በአምስት ነገሮች ይመዘናል። የመጀመሪያው የዳገቱ ርዝመትና ቁመት ከውድድሩ መንገድ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ነው። ሁለተኛው በደኅና በፍጥነት መውረድ ማስቻሉ ነው። ሦስተኛው የአየሩ ሙቀትና የቦታው ከፍታ፣ አራተኛው የመንገዱ ገጽና የተሽከርካሪ አደጋ፣ አምስተኛው ደግሞ የሚጠይቀው ጊዜና ገንዘብ ነው።

የዳገቱን ቁመት ለማወቅ የስልክ መተግበሪያን ብቻ ማመን አይበቃም፤ በአጭር ርቀት ላይ የስልክ የከፍታ ንባብ ብዙ ይዛነፋል። የተሻለው ዘዴ ከግንበኛ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ውሃ ልክ መዋስ ነው። ውሃ ልኩን በዳገቱ አቅጣጫ አስፋልቱ ላይ አስተኝተው፣ አረፋው መሐል እስኪሆን ድረስ የታችኛውን ጫፍ ከፍ ያድርጉ፤ በጫፉና በአስፋልቱ መካከል ያለው ክፍተት 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዳገቱ 5 በመቶ ነው ማለት ነው። የውድድሩን መንገድ ዋና ዋና ዳገቶች በዚህ መንገድ በአንድ ከሰዓት መለካት ይቻላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ ሁሉ በዚህ ልኬት ላይ የሚቆም ስለሆነ ድካሙ አያስቆጭም።

የድሬዳዋ የከተማ ጎዳናዎች

የከዚራ ጥላማ መንገዶችና የሳቢያን ሰፋፊ አስፋልቶች ለድሬዳዋ ነዋሪ ምንም ወጪ የማይጠይቁ፣ ለፍጥነት ልምምድ የሚመቹ ቦታዎች ናቸው። አብዛኛው ክፍላቸው ለጥ ያለ በመሆኑ የተለካ ርቀት በተለካ ፍጥነት ለመሮጥ ያስችላሉ። ከተማዋ ከተራራው ግርጌ ስለሆነች ወደ ደቡብ በሄዱ ቁጥር መሬቱ ቀስ እያለ ይነሣል፤ ከ200 እስከ 400 ሜትር የሚረዝም፣ የመኪና ምልልስ የማይበዛበት ተዳፋት የውስጥ መንገድ በዚያ አቅጣጫ መፈለግ ይቻላል።

የድሬዳዋ ትልቁ ጉዳይ ሙቀት ነው። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ሰውነት ሲሞቅ ልብ ደምን ለጡንቻም ለቆዳም ማከፋፈል ስላለባት በተመሳሳይ ፍጥነት የልብ ምት ከፍ ይላል፤ ጠንካራ ልምምድም ከታሰበው ጥራት በታች ይሆናል። በዚህ ወቅት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ መጀመርና ከ1 ሰዓት በፊት መጨረስ ይመከራል። በሌላ በኩል ሙቀት ጥቅምም አለው፤ ከ10 እስከ 14 ቀን በሙቀት ሲለማመዱ የደም ፈሳሽ መጠን ይጨምራል፤ ላብም ቶሎ መውጣት ይጀምራል። በቆላ ኖሮ ደጋ ላይ የሚወዳደር ሯጭ በቀዝቃዛው አየር የሚሰማው ቅለት በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

የደቻቱ አሸዋ

በደረቁ ወራት የደቻቱ ወንዝ መውረጃ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። በአሸዋ ላይ መሮጥ በጠንካራ መሬት ላይ ከመሮጥ 1.6 እጥፍ ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ ቁርጭምጭሚትንና ባትን ያጠነክራል፤ በመገጣጠሚያ ላይ የሚያሳርፈው ምትም አነስተኛ ነው። ለፍጥነትም ሆነ ለቁልቁለት ግን አይጠቅምም፤ የእግር አነሣሥን ያዘገያል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ቀላል ሩጫ ይበቃል። የአኪለስ ጅማት (ባትን ከተረከዝ የሚያገናኘው ጅማት) ሕመም ያለበት ሰው ጭራሽ ባይሞክረው ይሻላል።

ዝናብ ባለበት ወቅት ወደዚህ መውረጃ መግባት አይገባም። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ስለሆነ በከተማዋ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሊደርስ ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሕይወት የቀጠፈው የሌሊት ጎርፍ በድሬዳዋ ሰው ልብ ውስጥ አሁንም አለ።

የደንገጎ ዳገት

ከድሬዳዋ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ደንገጎ የሚወጣው አስፋልት የአካባቢው ሯጮች ሁሉ የሚያከብሩት ፈተና ነው። ከታች እስከ ላይ ከ800 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨምራል፤ ማረፊያ የሚሆን ሜዳም ሆነ ቁልቁለት እምብዛም የለውም። ለልብና ለሳንባ ጥንካሬ፣ ለትዕግሥትም ቢሆን፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ በአቅራቢያ አይገኝም። ግማሽ ማራቶንና ከዚያ በላይ ለሚሮጥ ሰው በየሁለት ሳምንቱ አንድ ረጅም መውጣት በእርግጥ ይጠቅመዋል።

ለ10 ኪሎ ሜትር ሯጭ ግን የደንገጎ ዝና ከጥቅሙ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የከተማ ውድድር ዳገት ብዙውን ጊዜ ከ200 ሜትር እስከ 1 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነው፤ ሯጩ ይወጣል፣ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ይህ የፍጥነት መለዋወጥ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ በዝግታ መውጣት ደግሞ ዝግ ያለ፣ አጭርና የተጎተተ እርምጃን ያስለምዳል። ከዚህም በላይ መንገዱ የጭነት መኪናዎች፣ የአውቶቡሶችና የሚኒባሶች ዋና መተላለፊያ ነው፤ በጥምዝዞቹ ላይ ከላይ የሚወርድ አሽከርካሪ እግረኛን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱን እዚህ በፍጥነት መለማመድ ተገቢ አይደለም። የሚወጣ ሰው በግራ በኩል፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያየ፣ ደማቅ ልብስ ለብሶ ይሩጥ፤ ሲጨርስም በመኪና ይመለስ። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ በመውረድ የሚገኝ ፈጣን ሰዓትም እንደ ግል ምርጥ ሰዓት ባይቆጠር ይመረጣል፤ በዓለም አትሌቲክስ ደንብ የጎዳና ክብረ ወሰን እንዲጸድቅ መድረሻው ከመነሻው በኪሎ ሜትር በአማካይ ከ1 ሜትር በላይ ዝቅ ማለት የለበትም።

መጠነኛ መፍትሔ የሚሆነው የዳገቱን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ መጠቀም ነው። በማለዳ፣ ከከተማው መውጫ አጠገብ፣ እይታው ክፍት በሆነ ቀጥ ያለ ክፍል ላይ፣ 3 ደቂቃ እየወጡ በእርምጃ እየተመለሱ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ መደጋገም፣ ሙሉውን ዳገት ከመውጣት ይልቅ ለ10 ኪሎ ሜትር የሚቀርብ ልምምድ ነው።

ሐረማያና አወዳይ

ከደንገጎ በኋላ መንገዱ ወደ ደጋማው ሜዳ ይገባል። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ማለዳዋ ቀዝቃዛ ነው፤ አካባቢው ለጥ ካለ ሜዳና ከዝቅተኛ ኮረብቶች የተዋቀረ ነው። ረጅምና ቀላል ሩጫን ያለ ሙቀት ጫና ለመሥራት ከዚህ መንገድ ሁሉ የተሻለው ቦታ ይህ ነው። የእርሻ መሐል ጥርጊያ መንገዶቹ ለመገጣጠሚያ ከአስፋልት ይለሰልሳሉ። ከአወዳይ አጠገብ ያለው ዋና መንገድ ግን በጫት ገበያው ምክንያት የመኪናና የሰው ግርግር ስለሚበዛበት፣ በተለይም ጫት የጫኑ መኪኖች በጥድፊያ የሚያልፉበት ስለሆነ፣ ለሩጫ አይመከርም።

ስለ ከፍታ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ መታረም አለበት። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ሐረማያ ወጥቶ መሮጥ ቀይ የደም ሴልን አይጨምርም፤ ለዚያ ቢያንስ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በከፍታ ላይ መኖር ያስፈልጋል፤ 2,000 ሜትርም ለዚህ ውጤት ከሚጠቀሱት ከፍታዎች ዝቅተኛው ገደማ ነው። ለድሬዳዋ ሯጭ የአንድ ቀን ጉዞ እውነተኛ ጥቅም ሌላ ነው፤ በቀጭን አየር ውስጥ የራሱ ፍጥነት ስንት እንደሆነ ይማራል። ከ1,200 ሜትር ወደ 1,900 ሜትር ሲወጣ የኦክስጅን አጠቃቀም አቅም በጥቂት በመቶ ይቀንሳል። ይህን ሳያውቅ በድሬዳዋ ፍጥነት ሐረር ላይ የሚነሣ ሰው የመጀመሪያውን ዳገት ሳይጨርስ ዕዳ ውስጥ ይገባል።

ሐረር፤ በግንቡ ዙሪያ

ውድድሩ ሐረር ከሆነ ከሐረር የተሻለ የልምምድ ቦታ የለም። በግንብ የታጠረው የሐረር ጥንታዊ ክፍል፣ ጁገል፣ በተዳፋት ላይ የተቆረቆረ ነው፤ ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጠውን የግንቡን ዙሪያ የተከተለ ሰው መውጣትንና መውረድን በአንድ ዙር ውስጥ ያገኛል። ከኤረር በር በኩል ካለው ዝቅተኛ ክፍል ወደ ሸዋ በር አቅጣጫ ሲመለሱ መሬቱ ይነሣል፤ በተቃራኒው ሲዞሩ ይወርዳል። ዳገቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቁልቁለትም ሩቅ አይደለም። ይህ የከተማ ውድድር ከሯጩ የሚጠይቀውን የሚመስል ነው።

ችግሮችም አሉት። በጁገል ውስጥ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች በድንጋይ የተነጠፉ፣ በአንዳንድ ቦታ የተወለወሉና ሲረጥቡ የሚያንሸራትቱ ናቸው፤ የሰው መኖሪያና መገበያያ ስለሆኑም የፍጥነት ልምምድ ሊሠራባቸው አይገባም። የፍጥነት ቁልቁለት በውጭ ባለው አስፋልት ላይ ይሁን። ገና ሳይነጋ መውጣትም አይመከርም፤ በሐረር ጅቦች ሌሊቱን በመንገዱ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከሰው ጋር የለመዱ ቢሆኑም የሚሮጥ ሰው ሊያስደነግጣቸው ይችላል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብርሃን ሲሆን፣ መጀመር በቂ ነው።

እዚህ የሚሠራው ዋና ልምምድ የመውረድ ልምምድ ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ፣ ገጹ ለስላሳ በሆነ፣ ከ200 እስከ 300 ሜትር በሚረዝም ቁልቁለት ላይ በመጀመሪያው ሳምንት አራት ጊዜ ብቻ ይውረዱ፤ በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ይጨምሩ። ደረትን ከእግር በላይ ማቆየት፣ እርምጃን ማሳጠርና ማብዛት፣ እግርን ከሰውነት በታች ማሳረፍ ነው ቁም ነገሩ። ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ በሁለተኛው ቀን ጭን ላይ ከባድ ሕመም ይሰማል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ጡንቻ አንድ ጊዜ ከተጎዳበት ሥራ ራሱን መከላከል ይማራል፤ ያም መከላከያ ለሳምንታት ስለሚቆይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ልምምድ በጣም ይቀላል።

ትሬድሚል የሚባለው የመሮጫ ማሽን

በአንዳንድ የድሬዳዋ ሆቴሎችና ጂሞች ይገኛል። የዳገቱን በመቶ በትክክል መወሰን ማስቻሉ መልካም ጎኑ ነው። ብዙዎቹ ቁልቁለት የላቸውም፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማሉ፤ ወርሃዊ ክፍያም ይጠይቃሉ። በሰኔ ሙቀት ለመጠባበቂያ ይሆናል እንጂ ለዋና ልምምድ ገንዘብ የሚያወጡበት አይደለም።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| ቦታ | ከውድድር ዳገት ጋር መመሳሰል | የመውረድ ልምምድ | አየርና ከፍታ | ዋና ጥንቃቄ | ወጪ ለድሬዳዋ ነዋሪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የድሬዳዋ ጎዳናዎች | አነስተኛ፤ በደቡብ በኩል መጠነኛ | መጠነኛ | ሞቃት፣ 1,200 ሜትር ገደማ | ሙቀት | የለም |
| ደቻቱ | የለም | የለም | ሞቃት | ድንገተኛ ጎርፍ | የለም |
| ደንገጎ | ለረጅም ርቀት ጥሩ፣ ለ10 ኪሎ ሜትር አነስተኛ | አደገኛ | ከሙቀት ወደ ቅዝቃዜ | የጭነት መኪና | የመመለሻ ትራንስፖርት |
| ሐረማያ | መጠነኛ | መጠነኛ | ቀዝቃዛ፣ 2,000 ሜትር ገደማ | የአወዳይ ግርግር | ደርሶ መልስ |
| ሐረር | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ለስላሳ፣ 1,885 ሜትር ገደማ | የድንጋይ ንጣፍ፣ የሌሊት ጅብ | ደርሶ መልስ፣ ግማሽ ቀን |
| የመሮጫ ማሽን | ለመውጣት ብቻ | የለም | እንደ ክፍሉ | የመብራት መቋረጥ | ወርሃዊ ክፍያ |

ለማን የትኛው?

የድሬዳዋ ነዋሪ ሆነው ለትራንስፖርት የሚያወጡት ገንዘብ ከሌለ፣ ሁሉንም በከተማው ውስጥ መሥራት ይችላሉ። በሳምንት አንድ ቀን በከዚራ ወይም በሳቢያን የፍጥነት ልምምድ፣ አንድ ቀን በደቡብ በኩል ባገኙት ተዳፋት መውጣትና መውረድ፣ አንድ ቀን ረጅም ቀላል ሩጫ ይበቃል። የጎደለዎት ከፍታ ብቻ ነው፤ እሱንም በውድድሩ ቀን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች በጥንቃቄ በመጀመር ያካክሱታል።

በወር ሁለት ጊዜ መጓዝ የሚችል ሰው ሁለቱንም ጉዞ ለሐረር ቢያውል እመርጣለሁ። ደንገጎና ሐረማያ ደስ የሚያሰኙ ቢሆኑም፣ ጉዞው ውድ በሆነበት ጊዜ መንገዱን ራሱን እንደማወቅ የሚጠቅም የለም፤ የትኛው ጥምዝ ላይ ዳገቱ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሯጭ ጉልበቱን በልኩ ያወጣል።

የሐረር ነዋሪ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ዳገት ሞልቶታል፤ ለጥ ያለ ፈጣን መንገድ ያጥረዋል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ወደ ሐረማያ ሜዳ ሄዶ ወይም ድሬዳዋ ወርዶ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ያለማቋረጥ በውድድር ፍጥነት ቢሮጥ ይጠቀማል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ረጅሙንና ፈጣኑን በቦታው ያገኛል፤ ለቁልቁለት ልምምድ ብቻ ወደ ሐረር ቢሄድ ይበቃዋል። ከስድስት ወር ያነሰ የሩጫ ልምድ ያለው ሰው ደንገጎንም ሆነ ፈጣን ቁልቁለትን ለጊዜው ይተው፤ ቀላል ሩጫን በለስላሳ መሬት ያብዛ።

አንድ ከቦታ ምርጫ ጋር የማይለያይ ጉዳይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በዚህ አካባቢ ከሰዓት በኋላ ጫት መቃም የተለመደ ማኅበራዊ ሕይወት ነው፤ ሰዓት ለማሻሻል ለሚፈልግ ሯጭ ግን የልብ ምትን ከፍ በማድረግ፣ የምግብ ፍላጎትን በመዝጋትና እንቅልፍን በማሳጠር የማለዳውን ልምምድ በቀጥታ ይጎዳል። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲን በዓለም የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው፤ በሽንት ውስጥ በ1 ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮ ግራም ሲበልጥ ጥፋት ይሆናል።

የትኛውም ቦታ ቢመረጥ፣ ስምንት ሳምንት ያህል በቂ ዝግጅት ነው። የመጨረሻው ጠንካራ የቁልቁለት ልምምድ ከውድድሩ ከ10 እስከ 14 ቀን በፊት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በቀላል ሩጫ ብቻ ይለፉት። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ ተወዳዳሪ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ቢደርስና የመንገዱን የመጨረሻ 2 ኪሎ ሜትር በእርምጃ ቢያይ፣ በማግሥቱ የት እንደሚፈጥን አስቀድሞ ያውቃል።